የብራስልስ ዝርዝር በሆሳዕና ገበያ

ሆሳዕና ውስጥ ከደቡብ አፍሪካ በሚላክ ገንዘብ የሚሠራ ቤት ከሩቅ ይለያል። ምድሩ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል፤ መስኮቱ አልሙኒየም ነው። ከላይ ግን ከየኮለኑ ጫፍ አራት አራት ፌሮ ወደ ሰማይ ቆሟል። ፌሮውን የረሳው የለም። ባለቤቱ፣ ወይም የባለቤቱ ልጅ፣ ጆሃንስበርግ አካባቢ ሱቅ ይጠብቃል። ቀጣዩ ሃዋላ ሲመጣ ከፌሮው ላይ ሌላ ፎቅ ይቀጠላል። እስከዚያው ክረምት በመጣ ቁጥር ብረቱን ያዝገዋል።

ለዚህ ቤት ዕቃ የሚያቀርበው የሕንፃ መሣሪያ መደብር አንድ ክፍል ነው። ሲሚንቶው እርጥበት እንዳይነካው ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ተደርድሯል። ፌሮው የክፍሉ ርዝመት ስለማይበቃው በሩ ላይ ጋደም ብሏል። ቆርቆሮው ግድግዳውን ተደግፏል፤ የአልሙኒየሙ ዘንግ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ጥግ ይዟል፤ ብሎንና ዳዶው በካርቶን ነው። የዘር ወቅት ከሆነ ደግሞ በበሩ የሚያልፈው አይሱዙ ጀርባ ላይ ማዳበሪያ ይታያል። ከጣሪያው በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ።

ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አልሙኒየም፣ ማዳበሪያ፣ ኤሌክትሪክ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የካርቦን ክፍያ ለመጣል ሲወስን የመረጣቸው ዘርፎች ስድስት ናቸው፤ አምስቱ እነዚሁ ናቸው። ስድስተኛው ሃይድሮጂን ነው። እሱም ቢሆን ከመደብሩ ደጅ አልጠፋም፤ በዩሪያ ከረጢት ውስጥ ተሸሽጓል። ዩሪያ ከአሞኒያ፣ አሞኒያም ከሃይድሮጂን ይሠራልና።

ብራስልስ ላይ የተጻፈው ዝርዝርና የሆሳዕና መደብር የዕቃ መዝገብ ይህን ያህል መመሳሰላቸው አጋጣሚ አይደለም። አንድ አገር ከጭቃ ቤት ወደ ብሎኬት ቤት፣ ከፍግ ወደ ዩሪያ ሲሸጋገር የሚገዛቸው ዕቃዎች ናቸው። አውሮፓ ይህን ሽግግር ጨርሳዋለች፤ የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ሆሳዕና፣ ዱራሜና ሾኔ ገና ፌሮ ላይ ናቸው። ስለዚህም የትኛው ኢንዱስትሪ በዝርዝሩ ይግባ፣ የትኛው ይቅር የሚለው ክርክር ሀዲያና ከምባታን አይመለከትም ብሎ ማለፍ ስህተት ነው።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ፋብሪካዎቿን ለሚለቁት ለእያንዳንዱ ቶን ካርቦን ፈቃድ እንዲይዙ ታስገድዳለች። የፈቃዱ ዋጋ በገበያ የሚወሰን ሲሆን በ2024 እና በ2025 በአብዛኛው ከ60 እስከ 80 ዩሮ ሲዋዥቅ ነበር። የብረትና የሲሚንቶ ባለቤቶች ከመጀመሪያው አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ እኛ እየከፈልን ከቱርክ ወይም ከህንድ የሚመጣው ካልከፈለ ፋብሪካው ወደዚያ መሰደዱ አይደለም ወይ? ጭሱም አብሮ ይሰደዳል፤ ለከባቢ አየሩ የተረፈው ነገር የለም። አውሮፓ ለዓመታት ስጋቱን ያስታገሰችው ለእነዚህ ዘርፎች ፈቃዱን በነፃ በማደል ነበር። ነፃ እደላው ከ2026 ጀምሮ በደረጃ እየቀነሰ በ2034 ያበቃል። በቦታው የሚተካው የድንበሩ ክፍያ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን ሐሳቡን ሐምሌ 7 ቀን 2013 ዓ.ም. አቀረበ፤ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2023 ጸደቀ፤ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ አስመጪዎች ሪፖርት ብቻ ሲያደርጉ ቆይተው ክፍያው የሚታሰብበት ዋናው ዘመን ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ገባ።

እንግዲህ ማን ይግባ? የመጀመሪያው መለኪያ ሽሽት ነው፤ ካርቦኑ ብዙ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ድንበር ተሻግሮ የሚሸጥ ዕቃ። የዳቦ ምድጃም ይጨሳል፤ ግን በዳቦ ዋጋ ውስጥ የካርቦን ድርሻ ኢምንት ስለሆነ ለዚያ ብሎ አገር የሚለቅ ዳቦ ጋጋሪ የለም። ሲሚንቶ ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው መለኪያ ቤት ውስጥ ያልተከፈለበት በድንበር አይከፈልበትም የሚለው ነው። የራስን ገበሬ ያላስከፈሉበትን የላም ትንፋሽ ከውጭ ሲመጣ ማስከፈል አድልዎ ይሆናል፤ የዓለም ንግድ ድርጅት ደንብም ይቃወመዋል።

ብዙ ዘርፎችን ከዝርዝሩ ያስወጣው ሦስተኛው መለኪያ ነው፤ መለካት መቻል። ይህን ለመረዳት ከሀዲያው ሌሞ ወይም ከከምባታው አንጋጫ ጓሮ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ ከአንዱ እንሰት ቆጮም፣ ቡላም፣ ቃጫም ይወጣል። የቀኑ ድካም ለሦስቱ እንዴት ይከፋፈል? በክብደት ከሆነ ቆጮው ሁሉን ይወስዳል፤ በዋጋ ከሆነ ቡላው ይብሳል። የነዳጅ ማጣሪያና የኬሚካል ፋብሪካም እንዲሁ ነው፤ ከአንድ ቱቦ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ሬንጅና የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ይወጣል። የአውሮፓ ፓርላማ በጁን 2022 የኦርጋኒክ ኬሚካሎችና የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃዎች ይግቡ ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ስምምነት ሲደረስ ግን ሃይድሮጂን ገባ፣ ኬሚካሎቹ ቀሩ፤ በእያንዳንዱ ምርት ውስጥ ያለውን ልቀት ለይቶ ማስላት አልተቻለም ተባለ። ብሪታንያም ከጃንዋሪ 2027 ለምትጀምረው የራሷ ክፍያ መስታወትና ሴራሚክን አስባ ነበር፤ በኦክቶበር 2024 ሁለቱንም ተወቻቸው። ኤሌክትሪክም በብሪታንያ ዝርዝር የለም። ሁለት ጎረቤታሞች ለአንድ ዓላማ ሁለት ዓይነት ዝርዝር መያዛቸው ምርጫው ሳይንስ ብቻ አለመሆኑን ይናገራል።

ከዚያ ደግሞ የብሎንና የዳዶ ጉዳይ አለ። ጥሬ ብረት ተከፍሎበት ብሎን ካልተከፈለበት፣ ብልህ ነጋዴ ብረቱን እዚያው ብሎን አድርጎ ያስገባዋል። ስለዚህ ብሎንና ዳዶ ከመጀመሪያው ገቡ። ጉዳዩ እዚያ አልቆመም። በዲሴምበር 2025 ኮሚሽኑ ብረትና አልሙኒየም የሚበዛባቸው 180 ያህል ያለቀላቸው ምርቶች እንዲጨመሩ ሐሳብ አቀረበ፤ አብዛኞቹ ማሽነሪና የብረት ውጤቶች ሲሆኑ ጥቂት የቤት ዕቃዎችም አሉበት። ዝርዝሩ በዚህ መንገድ ከጥሬ ዕቃ ወደ ያለቀለት ምርት እየወረደ ነው።

ወደ መደብሩ እንመለስ፤ ጣውላው ላይ ወዳለው ሲሚንቶ። የሆሳዕና ግንበኛ ሲሚንቶ ሲያዝ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ኦፒሲ ነው ፒፒሲ? ለኮለንና ለሶሌታ ኦፒሲ ይመርጣል፤ ለግንብና ለልስን ፒፒሲ ይበቃዋል። ሳያውቀው የካርቦን ጥያቄ ጠይቋል።

የሲሚንቶ ልቡ ክሊንከር ነው። የኖራ ድንጋይ በ1,450 ዲግሪ ገደማ ሲጋገር በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። አንድ ቶን ክሊንከር ሲመረት ከ800 እስከ 900 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከዚህ ውስጥ ከ500 ኪሎ በላይ የሚሆነው ከድንጋዩ ከራሱ ነው። እቶኑን በከሰል ፈንታ በሌላ ነገር ቢያግሉት እንኳ ይህ ድርሻ አይቀርም። የህዳሴ ግድብ ኤሌክትሪክም አያስቀረውም። የሚያስቀረው ክሊንከሩን መቀነስ ነው። ፒፒሲ ደግሞ ይህን ያደርጋል፤ የክሊንከሩን አንድ ክፍል በፖዞላና፣ ማለትም ስምጥ ሸለቆው በገፍ በያዘው ከእሳተ ገሞራ የተረፈ ቀላል ድንጋይ፣ ይተካል።

ሒሳቡ በወረቀት ጀርባ ይሠራል። ባለ 50 ኪሎ ኦፒሲ ከረጢት ከሞላ ጎደል በሙሉ ክሊንከር ስለሆነ 40 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተሸክሟል። ክሊንከሩ ሰባ በመቶ የሆነ ፒፒሲ 30 ኪሎ ያህል ይሸከማል። ነፃ እደላው ሙሉ በሙሉ ካበቃ በኋላ በቶን 70 ዩሮ ቢታሰብ የመጀመሪያው 2.80 ዩሮ፣ ሁለተኛው 2.10 ዩሮ ይከፈልበታል። በአንድ ከረጢት ላይ የ70 ሳንቲም ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ሲሚንቶ በመርከብ የሚሸጥ ነጋዴ ግን በዚህ ልዩነት ገበያ ያገኛል ወይም ያጣል።

ሐቁን ሳይሸፍኑ መናገር ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያ ለአውሮፓ ሲሚንቶ አትሸጥም። የሙገር፣ የደርባና የለሚ ፋብሪካዎች ምርት ከአዲስ አበባ ሰሜን ተነሥቶ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ሆሳዕና ይደርሳል እንጂ ሮተርዳም አይደርስም። ሆሳዕና ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲሚንቶ በወረፋና በኮታ ሲታደል ከነበረባቸው አንዷ ናት። ስለዚህ ዛሬ ኢትዮጵያ ላይ የሚያርፈው የድንበር ሒሳብ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። የአገሪቱ የአውሮፓ ሽያጭ ቡና፣ አበባ፣ አትክልት፣ ጨርቃ ጨርቅና ቆዳ ነው፤ አንዱም በዝርዝሩ የለም። ዝርዝሩ የያዘው ኢትዮጵያ የምትገዛውንና ነገ ልታመርተው የምትመኘውን ነው።

ምኞቱ ደግሞ በወረቀት ብቻ አልቀረም። ፌሮውን እንይ። ኢትዮጵያ ከብረት ማዕድን ብረት የሚያቀልጥ ታላቅ እቶን የላትም። በሆሳዕና ሰማይ የቆመው ፌሮ ከሁለት ምንጭ በአንዱ ይመጣል። ወይ ከውጭ የገባ ጥሬ የብረት ዘንግ እዚህ ግሎ ተስቦ ነው፤ ያ ብረት በትውልድ አገሩ በከሰል እቶን ተሠርቶ ከሆነ በየቶኑ 2 ቶን ያህል ካርቦን ይዞ መጥቷል። ወይ ደግሞ ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቃቀመው አሮጌ ብረት በኤሌክትሪክ ቀልጦ ነው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከዘጠና በመቶ በላይ የውኃ ነው። ይህ ሁለተኛው ፌሮ በዓለም ላይ ካሉት ንጹሕ ብረቶች ይቆጠራል። መደብሩ በር ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው ተጋድመዋል፤ ማንም አይለያቸውም።

ብራስልስ ይለያቸዋል? በከፊል። የመጀመሪያውን ጥሬ ብረት ታሪክ ትቆጥራለች። የሁለተኛውን ንጹሕ ኤሌክትሪክ ግን አታይለትም፤ ለብረት፣ ለአልሙኒየምና ለሃይድሮጂን የሚቆጠረው ከፋብሪካው ከራሱ የወጣው ልቀት ብቻ ነውና። ከኤሌክትሪክ የሚመጣው የሚቆጠረው ለሲሚንቶና ለማዳበሪያ ነው። ምክንያቱ የአውሮፓ የቤት ጉዳይ ነው፤ መንግሥታቱ የራሳቸውን የብረትና የአልሙኒየም ፋብሪካዎች ለኤሌክትሪክ ካርቦን ዋጋ ስለሚክሷቸው፣ ለውጭው ብቻ ቢያስከፍሉ አድልዎ ይሆናል። ውጤቱ ግን በከሰል ኤሌክትሪክ የቀለጠ ቁርጥራጭ ብረትና በግቤ ውኃ የቀለጠ ብረት በድንበሩ እኩል መቆማቸው ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ ትንሽ ነጥብ አይደለም። የሀዲያን ምዕራባዊ ወሰን ይዞ የሚወርደው የግቤና የኦሞ ውኃ በግቤ አንድ 184፣ በግቤ ሁለት 420፣ በግቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ተተክሎበታል። የግቤ ሦስት ሐይቅ ጠርዝ የሀዲያን መሬት ይነካል። ከሆሳዕና በዶዮገናና በአረካ በኩል ወላይታ ሶዶ ሲደረስ ደግሞ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ የሚገባው 500 ኪሎ ቮልት መስመር ይነሣል፤ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ኃይል ይሸጥበታል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ በአገሪቱ አቅም ላይ 5,150 ሜጋ ዋት ጨምሯል። አገሪቱ ለዓለም ገበያ ልታቀርበው የምትችለው ትልቁ የካርቦን ብልጫ ይህ ነው። በብረትና በአልሙኒየም ዓምድ ሥር ግን ይህ ብልጫ የሚጻፍበት መስመር የለም። ኢትዮጵያውያን ተደራዳሪዎች አንድ ነገር ብቻ የመጠየቅ ዕድል ቢያገኙ ይህንን ይጠይቁ ዘንድ ይገባል፤ ኤሌክትሪኩም ይቆጠር።

ማዳበሪያው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የሀዲያ ስንዴ ገበሬ ዩሪያውን በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ይወስዳል፤ ሳይዘገይ መድረሱንና ዋጋውን እንጂ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅበት ጊዜ የለውም። ኢትዮጵያ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ማዳበሪያ በጅቡቲ በኩል ታስገባለች። በአገር ውስጥ ለማምረት የተደረጉት ሙከራዎች የካርቦን ካርታ ይመስላሉ። በኢሉባቦር ያዩ ዩሪያን ከድንጋይ ከሰል ለማውጣት የተጀመረው ፋብሪካ ሳያልቅ ቀረ። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራረሙ፤ መስከረም 2018 ዓ.ም. ሥራው ተጀመረ። ጥሬ ዕቃው የካሉብና የሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ከከሰል ይሻላል፤ ቢሆንም ከጋዝ የሚሠራ አንድ ቶን አሞኒያ 2 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል።

ሦስተኛ መንገድ ነበረ፤ ያውም በአባይ ላይ። የግብፁ ኪማ ፋብሪካ አስዋን ላይ የግድቡን ኤሌክትሪክ ተጠቅሞ ውኃን በመሰንጠቅ ሃይድሮጂን እያወጣ ለአሥርት ዓመታት ማዳበሪያ ሠርቷል። በዚምባብዌ ሴብል ኬሚካልስም በውኃ ኃይል እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 አቆመ። ኪማ በቅርብ ዓመታት ወደ ጋዝ ዞሯል፤ ጋዝ ስለረከሰ፣ ኤሌክትሪክም ስለተወደደ። እንግዲህ ሃይድሮጂንና ማዳበሪያን በዝርዝሩ ማስገባት የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ላይ ነው። የካርቦን ዋጋ ካለ የአስዋን መንገድ እንደገና ሊያዋጣ ይችላል፤ ከሌለ ጎዴ ጋዙን ታቃጥላለች። ሆኖም የአውሮፓ ገበሬ ማኅበራት ማዳበሪያ ከክፍያው ነፃ ይሁን እያሉ አጥብቀው ይወተውታሉ፤ ወጪው በመጨረሻ በስንዴያቸው ላይ ነው የሚያርፈው። የሌሞና የሚሻ ገበሬ ይህን አቤቱታ ቢሰማ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል።

ዝርዝሩ ሆሳዕናን የሚነካበት ቀጥተኛው መንገድ ግን በሲሚንቶም በማዳበሪያም አይደለም። በደቡብ አፍሪካ በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከሀዲያና ከከምባታ እጅግ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጥቷል፤ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል፣ ብዙው በደላላ እጅ፣ አንዳንዱም መንገድ ላይ ሕይወቱን ሰጥቶ። የደረሰው በጥቁሮች ሰፈሮች ሱቅ ይከፍታል ወይም በሱቅ ይቀጠራል። ሆሳዕናን፣ ሾኔን፣ ዱራሜንና ሺንሺቾን በፎቅ የሞላው ገንዘብ በአብዛኛው ከዚያ ሱቅ ይመነጫል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከአፍሪካ አገሮች በዝርዝሩ በጣም ከሚጎዱት ናት። ኤሌክትሪኳ ከሰማንያ በመቶ በላይ ከከሰል ይመጣል፤ ብረትና አልሙኒየም ለአውሮፓ ትሸጣለች። በጁን 2019 የራሷን የካርቦን ታክስ በቶን በ120 ራንድ ጀምራለች፤ በትውልድ አገር የተከፈለ ካርቦን ከአውሮፓው ክፍያ ስለሚቀነስ ገንዘቡ እዚያው እንዲቀር ያግዛታል። የብረት ከተማ ሲደክም የሰፈሩ ሠራተኛ ዳቦና ስኳር በዱቤ መጠየቅ ይጀምራል፤ ባለሱቁ ኢትዮጵያዊም ሃዋላውን ያዘገያል። በሆሳዕናው ቤት ላይ ፌሮው አንድ ክረምት ይጨምራል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የማይዘለል ነገር አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የአገሪቱን የ2010 ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ብላ ገምታለች። ከዚህ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእርሻ፣ ከከብትና ከደን ነው፤ ኢንዱስትሪ ድርሻው 3 በመቶ ነበር። ማለትም የኢትዮጵያ ካርቦን ያለው በዶዮገና በግ፣ በላሟ፣ በማገዶውና በተመነጠረው ደን ነው፤ የአውሮፓው ዝርዝር ደግሞ እዚያ አይደርስም። አይደርስም ማለት ግን ለዘለዓለም አይደርስም ማለት አይደለም።

በሌላ በር ጀምሯልም። ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና፣ ካካዎ፣ የከብት ውጤት፣ እንጨትና የመሳሰሉት አውሮፓ እንዳይገቡ የሚከለክለው ደንብ በ2023 ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ አሁን ለትልልቆቹ ኩባንያዎች የተቆረጠው ቀን ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ነው። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 ወዲህ ከተመነጠረ መሬት የመጣ ቡና አይገባም፤ የተመረተበት ማሳም በካርታ ነጥብ መታወቅ አለበት። በከምባታ ቡናው የጓሮ ነው፤ ከእንሰቱ ሥር፣ ከአቮካዶው አጠገብ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሄክታር ባነሰ ይዞታ ላይ። ደን ያልመነጠረ ሰው ደን አለመመንጠሩን በሳተላይት ነጥብ እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ነጥቡን የሚያነሣለት ባለሙያ ወጪ ማን ይሸፍን? ስለ ካርቦን የድንበር ክፍያ ሲታሰብ ይህ ልምድ መረሳት የለበትም፤ ዘርፍ ሲመረጥ የሚመረጠው የመለካት ሸክሙ የሚያርፍበት ሰውም ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ መለኪያ መግዛት ይችላል። የከምባታው የሀዴሮ ገበሬ አይችልም።

የአውሮፓ ደንብ ራሱ ይህን ለራሱ ነጋዴዎች ተረድቷል። በ2025 በተደረገው ማሻሻያ በዓመት ከ50 ቶን በታች የሚያስገባ አስመጪ ነፃ ወጥቷል፤ ከአስመጪዎቹ ዘጠና በመቶ ያህሉ ከግዴታው ሲወጡ ከልቀቱ 99 በመቶው ግን በሥርዓቱ ውስጥ ቀርቷል። ጥሩ ውሳኔ ነው። ለድሃ አገሮች ግን እንዲህ ያለ በር አልተከፈተም። ፓርላማው በ2022 ከክፍያው የሚገኘውን ያህል ገንዘብ ለድሃ አገሮች ይመደብ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ የጸደቀው ደንብ ውስጥ ይህ ግዴታ የለም። በምርቱ ውስጥ ያለውን ካርቦን በራሱ መረጃ ማስረዳት ያልቻለ አምራች በተገመተ ቁጥር ይታሰብበታል፤ በግምቱ ላይም በየዓመቱ ከፍ የሚል ጭማሪ አለ። ንጹሕ ሆኖ ማስረጃ የሌለው እንደ ቆሻሻ ይከፍላል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለኢትዮጵያ ፋብሪካዎች አሁን የሚሠራው። ለሚ፣ ደርባና ሙገር ለአውሮፓ ባይሸጡም፣ ብረት አቅላጮቹ ለአውሮፓ ባይሸጡም፣ ጎዴ ገና ባትጠናቀቅም ካርቦናቸውን መቁጠር ቢጀምሩ የሚያወጡት ወጪ ትንሽ ነው። ቆጠራውን የሚሠሩ ወጣቶች ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲን ከመሰሉ ተቋማት በየዓመቱ ይመረቃሉ፤ ብዙዎቹ ሥራ አጥተው የደላላ ስልክ ይጠብቃሉ። ኬሚስትሪና አካውንቲንግ የተማረ ልጅ በእቶን አፍ ላይ ቆሞ የክሊንከርን ልቀት መመዝገብ የሚማርበት ጊዜ ጥቂት ወራት ነው።

እ.ኤ.አ. 2027 ሦስት ነገሮች የሚገጣጠሙበት ዓመት ነው። በጃንዋሪ የብሪታንያ ክፍያ ይጀምራል። በፌብሩዋሪ አውሮፓ የ2026ቱን ዕቃ የምስክር ወረቀት መሸጥ ትጀምራለች። በዚያው ዓመት የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ሠላሳ ሁለተኛው፣ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣል። በ2025ቱ የቤሌም ጉባኤ ህንድ፣ ቻይናና ሌሎች የድንበር ክፍያን አጀንዳ እንዳደረጉት ሁሉ አዲስ አበባ ላይም መነሣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ስለ ዝርዝሩ የሚናገረው የኢትዮጵያ ልዑክ የራሱን ቁጥር ይዞ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ የእኛ አንድ ኩንታል ፒፒሲ ይህን ያህል፣ የእኛ አንድ ቶን ቁርጥራጭ ፌሮ ይህን ያህል ብሎ።

መደብሩ ደጅ የቆመው አይሱዙ እየተራገፈ ነው። ጫኝና አውራጆቹ ጸጉራቸው በሲሚንቶ አቧራ ነጭቷል፤ አንዱ ይቆጥራል፣ ሌሎቹ ይሸከማሉ። ባለቤቱ እያንዳንዱ ከረጢት ሲገባ ጽሑፉን ያያል፤ የፋብሪካው ስም፣ ፒፒሲ፣ 32.5፣ 50 ኪሎ ግራም። ሌላ የተጻፈ ቁጥር የለም። ከላይ ባለው ያላለቀ ቤት ጣሪያ ላይ አንድ ግንበኛ ፌሮዎቹን በገመድ እየለካ ነው፤ ከደቡብ አፍሪካ ገንዘቡ ገብቷል መሰለኝ ይላሉ ጎረቤቶቹ፣ ኮለን ሊሞላ ነው።